ተጠሪ ብዬ የጻፍኳት ሴት

ሰው ስለ ሞቱ ከልቡ የሚያስበው መቼ ነው ብትሉኝ፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው እላችኋለሁ። የኔ እንደዚያ ነበር። ቦታው ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ሆስፒታልም አልነበረም። እንጅባራ ውስጥ የምሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። የሕመም ፈቃድ ልጠይቅ ገብቼ፣ አሥራ ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ባዶ እጇን ልተዋት እንደነበር አውቄ ወጣሁ።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አለበል እባላለሁ፤ ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት መጋዝ ላይ ቆሜያለሁ። ግንድ ይመጣል፣ እገፋለሁ፤ ጣውላ ሆኖ ይወጣል። ከግራ እጄ ሁለት ጣቶች መጋዙ ወስዶብኛል። ሰው አይቶ ከንፈሩን ሲመጥልኝ «ስምንት አሉኝ እኮ» ብዬ አስቀዋለሁ። አንገቴ ላይ ደግሞ እንቅርት ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዕንቁላል ነበረና ንቄ ተውኩት። እያደር ግን አደገና ጋደም ስል ትንፋሽ ይከለክለኝ ጀመር። የባሕር ዳሩ ሐኪም «ቅዳሜ ገብተህ ትተኛለህ፣ ሰኞ ይወጣልሃል፤ ቀላል ነው» አለኝ። ፈርም ብሎ የሰጠኝን ወረቀት ሳነበው ግን ቀላል የሚል ቃል አጣሁበት።

አብራኝ የምትኖረው ሴት አንጓች ትባላለች። ትውልዷ ዳንግላ አጠገብ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ቤት ነው። እሷም እጇ ከጭቃ አይለይም። የአንጓች ድስት እሳት ላይ አይሰነጠቅም ተብሎ ገበያ ላይ በስሟ ይፈለጋል። የአገሬ ሰው በድስቷ ወጥ ሠርቶ፣ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ «ሸክላ ሠሪ ናት፤ አጥንቷ አይሆንም» ይላል። ድስቱ ንጹሕ ሆኖ ሠሪዋ የምትረክስበትን ነገር እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ልናገባ አስበን ነበር። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ይርሳውን ሽማግሌ ይላኩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩትና ለአንጓች አባት እሑድ ይመጣሉ ብዬ አስነገርኩ። ሰውየው ግቢያቸውን አስጠርገው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። በዓመቱ ሞቱ። አንጓች ያን ጊዜ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አብሬህ እኖራለሁ፤ ስለወደድኩህ። ግን አባቴን ደጅ አስቀምጠው ላስቀሩ ሰዎች ሚስት ተብዬ አልጠራም። በጓሮ በር ሚስት አልሆንም።» ቃሏ እንደ ድስቷ ነው፤ አይሰነጠቅም። ስለዚህ አልተጋባንም። ጎረቤት «የአለበል ቅምጥ» ይላታል። ልጅም አልወለድንም። የምንኖርበትን ቤት በላቤ ብሠራውም ቦታው የአባቴ ነው፤ ካርታው የወጣው በጋሼ ይርሳው ስም ነው። እኔ ብሞት አንጓች በማግስቱ ድስቶቿን ተሸክማ ከዚያ ቤት መውጣቷ አይቀርም ነበር።

ይህን ስለማውቅ ነው፣ ጣቶቼ የሄዱ ጊዜ፣ ከስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ ቁስሌ እንደደረቀ ቢሮ ገብቼ «አንጓችን ጻፉልኝ» ያልኩት። ድርጅታችን ለሠራተኛው የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቷል፤ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚሉት ቁጠባም አለን። አንድ ወረቀት ሰጡኝና ተጠሪ በሚለው ላይ ስሟንና ስልኳን በደንብ አድርጌ ጻፍኩ። ቤት ገብቼ «ተጽፈሻል፤ ብሞትም አትቸገሪም» አልኳት። እሷም አመነችኝ።

እንግዲህ ወደዚያ ሐሙስ ልመልሳችሁ። የሰው ኃይል ሠራተኛው ፈንታሁን ይባላል፤ የጋሼ ይርሳው የመንደር ልጅ ነው። ፋይሌን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተና ማኅተም ሊያመጣ ወደ ጎረቤት ክፍል ሄደ። እኔም ሥራ የፈታ ዓይን አይደል፣ አነበብኩ። «ተጠቃሚ» በሚለው መስመር ላይ ይርሳው የሚል ስም፣ ዝምድና ወንድም። ያን የጻፍኩት ስቀጠር፣ ገና ወንደላጤ ሳለሁ ነው። ከሥሩ «የቅርብ ተጠሪ» በሚለው ላይ አንጓች፤ ስልክ ቁጥሯ። ፈንታሁን ሲመለስ ጣቴን በሁለቱ መስመሮች መሀል አድርጌ ልዩነታቸውን ጠየቅኩት።

«ተጠሪ ማለት አንድ ነገር ብትሆን የምንጠራት ናት» አለኝ።

«ተጠቃሚስ?»

«የሚወስደው ነዋ።»

«እኔን እሷ ትወስዳለች፤ የቀረውን እሱ ይወስዳል ነው የምትለኝ?»

«እንዲህ ሲባል ይከብዳል እንጂ፣ እንደዚያው ነው።»

አትሳቁብኝ። ቀበሌ ብትሄዱ የቤቱ ተጠሪ ማነው ሲባል አባወራው ነው ብድግ የሚለው። እኔ ተጠሪ የሚለውን ቃል የማውቀው በዚህ ነው፤ በቦታዬ የምትቆም፣ ከኔ በኋላ የቤቱ ራስ የምትሆን ማለት መስሎኝ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን መስመር የሰጠኋት መስሎኝ ለስድስት ዓመት ሬሳዬን የምትረከብ አድርጌ አስቀመጥኳት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለአንጓች ነው። እፍረቱ ከእንቅርቱ ይልቅ አነቀኝ።

አዲስ ቅጽ ስጠኝ አልኩት። ፈንታሁን የጋብቻ የምስክር ወረቀት ጠየቀኝ። የለንም አልኩ። እንግዲያ አይሆንም አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ የሚያዝንልኝ መስሎ፣ ዘዴ ነገረኝ። «ዝምድና የሚለው ላይ እህቴ በላት። እሱ ካስፈራህ የቤት ሠራተኛዬ በላት፤ ያልፋል። ማን ያጣራል?»

ፈንታሁን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ በተናደድኩበትና በተገላገልኩ። ከልቡ የረዳኝ መስሎት ነበር። አብረን ስንተኛ አሥራ ሦስት ዓመት የሆነንን ሴት እህቴ ብዬ እንድጽፍ ወይም ደሞዝ የምከፍላት አስመስዬ እንድጽፍ ሲመክረኝ ፊቱ ላይ ደግነት ነበረ። ቅጹን ባዶውን ተቀበልኩና ይህን የሚያጸድቀው ማነው አልኩት። ዳንግላ ያለው ዋናው ቢሮ ነው፤ የአስተዳደር ኃላፊዋ አርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ አይገኙም አለኝ። እኔ ቅዳሜ ሆስፒታል ገቢ ነኝ። የቀረኝ የአርብ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏችኋል ይህ ነው።

ቤት ስገባ ለአንጓች እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። አሳስቼሻለሁ አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት፣ ፈንታሁን የመከረኝንም ጭምር። የጀመረችውን ድስት አንገት እያለሰለሰች ሰማችኝ። ስጨርስ እጇን ታጥባ መጣችና «እህትህ አይደለሁም። ሠራተኛህም አይደለሁም። ሚስትም አትበለኝ ብያለሁ። ከቻልክ የሆንኩትን ጻፍ፤ ካልቻልክ ስሜን አውጣው» አለችኝ። ሥራ ሰጠችኝ እንጂ አላቀለለችልኝም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የፈረስ ኮቴ ሰማን። ፈንታሁን ደውሎ ኖሯል። ጋሼ ይርሳው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከዘንገና ድረስ መጥተዋል። ለኔ ጉዳይ አሥራ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ያጡ ሰው በአንድ ከሰዓት ሁለት አገኙ። ስለ ጋሼ ይርሳው ሳልነግራችሁ ማለፍ ነውር ነው። አባታችን ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ደብተር የገዙልኝ፣ ስታመም በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። በመሬት ክርክር ምስክር ሲጠፋ ዳኛው «ይርሳው ያለውን» የሚልላቸው፣ በሐሰት ምለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው፤ እኔ የተጣላሁት ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው።

ገቡ፣ ተቀመጡ። አንጓች ሰላም ብላ ጠላ አቀረበችና ወደ ጓዳው ተመለሰች። ጋሼ ይርሳው ጠላውን አልነኩም። ስለ ሕመሜ ጠየቁኝ፤ እግዜር ይማርህ አሉኝ። ከዚያ ነገሩን አነሱት። የሰባት ቤት አገው ዘር ሆኜ ሳለሁ፣ የአባታችን ቤት ገንዘብ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ሲፈስ ቆመው እንደማያዩ ነገሩኝ። እኔም በአክብሮት፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ «ጋሼ፣ ይህ የአባታችን መሬት አይደለም። ይህ የመጋዙ ነው። መጋዙ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ማታ ቁስሌን ስታጥብ የኖረችው እሷ ናት» አልኳቸው።

«እንግዲያ ብትሞት ቀብርህ ላይ አልቆምም» አሉ።

ይህ በኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። እንደ ልጅ ማልቀስ አማረኝ። ግን ነገሩ አንዴ ወጥቷልና «አይቁሙ ጋሼ። ለቀብሬ የምትጠራ አለች፤ በጽሑፍ» አልኳቸው።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ብለው በአዊኛ፣ በኛ በአገዎቹ ቋንቋ፣ ተናገሩ። በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፤ «አሁን እዚሁ ሚስቱ ናት እንበላትና ነገሩ ይብረድ። ሚስት ከሆነች የቤተሰብ ናት፤ በኋላ በሽምግልና እንይዛታለን።» ከጓዳ የምትሰማው ሴት አዊኛ የማትችል መስሏቸው ነበር። አንጓች የተወለደችበት ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ ልክ ናቸው። ከኔ ጋር አሥራ ሦስት ዓመት ስትኖር ግን ለገበያም ለእናቴም ብላ ቋንቋውን ጠንቅቃ ተምራለች። እናቴ ስትሞት የመጨረሻ ቃሏን የሰማች እሷ ናት።

በሩ ላይ ቆማ በአዊኛ መለሰችላቸው። «አባቴ የጠበቃችሁ እዚህ ቤት አይደለም። ደጁ ዳንግላ ነው፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ያኔ ለክብር ያልመጣችሁበትን ዛሬ ለገንዘብ አትምጡበት። ጠላው ግን ንጹሕ ነው፤ ጠጡ።»

የተናገሩት ሽማግሌ አቀረቀሩ። ከሁለቱ አንዱ ጠላውን አንስተው ጠጡ፤ ከእፍረት ይሁን ከጥማት አላውቅም። ጋሼ ይርሳው ተነሥተው ወጡ። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ አደርኩ። እንዲያ ቆማ ስትናገር ሳያት፣ ገና ያኔ እንደወደድኳት ሆኖ ተሰማኝ።

አርብ በማለዳ መናኸሪያ ወረድኩ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ሰሞን ነበርና ሚኒባሱ እስኪሞላ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ይርሳው። የቀረው ወንበር ከኔ አጠገብ ያለው ነበር። ተቀመጡ። ሁለታችንም አንድ ቢሮ፣ እሳቸው ሊያስቆሙ እኔ ላስፈጽም፣ ጉልበታችን ተነካክቶ እንሄዳለን። ረዳቱ ሒሳብ ሲል እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ሳያዩኝ «የሁለት» ብለው ከፈሉ። ሲያሳድጉኝ የኖሩበት ልማድ ነው፤ እጃቸው ከልባቸው ቀድሞ ሄደ። 

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ኬላው ላይ አቆሙን፤ ወርደን ተፈተሽን። ከፊታችን የከሰል ጭነት የያዘ አይሱዙ እየተራገፈ ይፈተሽ ስለነበር ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ። ኔትወርክ የለም፤ ኃላፊዋ ጋ ልደውል ብል አልችልም። በየደቂቃው ሰዓቴን ሳይ ጋሼ ይርሳው ያዩኛል። መዘግየቱ ለእሳቸው ድል ነው፤ ግን አንድም ጊዜ ፈገግ ሲሉ አላየሁም። ዳንግላ የገባነው ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነው።

ከመናኸሪያው ዘልዬ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ጋሪ ነጂው በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ምን እንዲህ ያስቸኩልሃል ሲለኝ በአጭሩ ነገርኩት። የአንጓችን አባት ስም ስጠራ ልጓሙን ሳብ አደረገና «የሸክላ ሠሪው ልጅ ናት? አባቷ ጎረቤቴ ነበሩ እኮ። አንተ ነህ እንዴ የእንጅባራው ሰው?» አለኝ። ከዚያ ፈረሱን ለቀቀው። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ ይርሳው በባጃጅ ይከተሉናል።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘውዴ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰውን ከላይ የሚያዩ ሴት ናቸው። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ቅጹን ዘረጋሁላቸው። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ አነበቡና «ምንህ ናት?» አሉኝ።

እኔ ሳልመልስ ከኋላዬ የገቡት ጋሼ ይርሳው «ምኑም አይደለችም» አሉ። ቀጥለውም እንደታመምኩ፣ አእምሮዬ ልክ እንዳልሆነ፣ ሴትየዋ አንዳች ነገር እንዳደረገችብኝ ነገሯቸው። ቡዳ የሚለውን ቃል አልተናገሩትም፤ ግን ሁላችንም ሰማነው።

ወይዘሮ ዘውዴ ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ነገ የት እንደምሄድ፣ ሰኞ ምኔ እንደሚቆረጥ፣ የተቀጠርኩበትን ዓመት፣ የመጋዜን ቁጥር ሳይቀር ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። «አእምሮው ከኔ ይሻላል» አሉና ወደ ጋሼ ይርሳው ዞረው በትሕትና አስረዷቸው። ለኢንሹራንሱና ለፈንዱ ሠራተኛው የፈለገውን ሰው ተጠቃሚ ማድረግ ይችላል፤ ወረቀት የሚጠየቀው ሚስቴ ናት ካለ ብቻ ነው። ፈንታሁን ሳያውቅ ነው አይሆንም ያለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። «ዝምድና የሚለው መስመር ባዶ ከሆነ መልሰው ይልኩታል። እውነቱን ጻፍበት። ሐሰት ከተገኘበት ነገ እሷ ናት የምትከሰሰው» አሉኝ።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። መስመሯ የአንድ ቃል ቦታ ናት። የሠራት ሰው እናት፣ ልጅ፣ ወንድም ከማለት ሌላ ሰው ለሰው ምንም እንደማይሆን ያሰበ ይመስላል። ወዳጅ ልበል? ወዳጅ በኛ አገር ሌላ ይሰማል። ባለቤት ልበል? ባለቤት ማለት ሚስት ነው፤ እሷ አልፈቀደችውም፤ ቤቱም የእሷ አይደለም። ጋሼ ይርሳው ትከሻዬ ላይ ሆነው ያያሉ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። በመጨረሻ መስመሯ ትበቃለች አትበቃም ማለቱን ተውኩትና ጻፍኩ፤ «አሥራ ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረችና የምትኖር»። ፊደሉ ከመስመሩ አልፎ የማኅተሙ ቦታ ድረስ ሄደ።

ወይዘሮ ዘውዴ አነበቡት። «ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ይህ እውነት መሆኑን የሚያውቁ» አሉ። ሮጬ ጋሪ ነጂውን ጠራሁት፤ ፈረሱን ዘበኛው እጅ ትቶ ገባና «አውቃለሁ፤ የአገር ልጅ ናት፤ አብራው እንደምትኖር እናቷ ነግራኛለች» ብሎ ፈረመ። አንድ ቀረ። ዳንግላ ውስጥ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

ወይዘሮ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ወንድሜን አዩአቸው። «አባቴ፣ እርስዎስ ሁለቱን ያውቋቸዋል?»

ጋሼ ይርሳው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ወደዱት ወይ አላልኩዎትም። ይህ የተጻፈው እውነት ነው ሐሰት?»

ከውጭ የፈረሱ ቃጭል ይሰማል። ጋሼ ይርሳው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በመሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸውና ቃል በቃል፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነቡት። አሥራ ሦስት፣ ዓመት፣ አብራኝ፣ የኖረችና፣ የምትኖር። 

«ሐሰት አይደለም» አሉ። እስክሪብቶውን ተቀበሉና ፈረሙ፤ ስማቸው ከተጠቃሚነት በሚወጣበት ወረቀት ላይ ምስክር ሆነው። «ወድጄው ግን አይደለም። ይህንንም ይጻፉልኝ» አሉ።

«ለእሱ መስመር የለውም» አሉ ወይዘሮ ዘውዴ፤ ማኅተሙን መቱበት።

ከቢሮው ስንወጣ እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱና ብቻቸውን ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ከኋላቸው ሆኜ አለቀስኩ። ቀን በቀን፣ ዳንግላ መሀል አስፋልት ላይ፣ ሰው እያየኝ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ስነቃ ያየሁት አንጓችን ነው። ድምፄ ሁለት ወር ያህል በሹክሹክታ ብቻ ቀረ፤ ሐኪሙ ይመለሳል ብሎኝ ነበርና ተመለሰ። ኮፒውን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «"የኖረች" ብለህ ብቻ ብትተወው ኖሮ እቀየምህ ነበር» አለችኝና ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ተመልሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ላይ ለዓመታት ያላየሁትን ዕረፍት አየሁ። እስከዚያ ቀን እንደምትፈራ አላውቅም ነበር፤ ነግራኝም አታውቅም።

ታረቃችሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልታረቅንም። ጋሼ ይርሳው ደጄን አልረገጡም፤ እኔም በበዓል እሄዳለሁ፣ ሰላምታዬን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ይቀበላሉ። እኛም ከእሳቸው ቦታ ላይ ካለው ቤት ወጣን። ኪራይ ቤት ነው የምንኖረው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሉ ግን የሁለታችን ስም አለበት። ያ ሐሙስ የለወጠኝ ይህን ነው። ድሮ ወረቀት ሲሰጡኝ እፈርም ነበር፤ አሁን አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ሳልጠይቅ አላልፍም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ መጽሐፉ ላይ የማን ስም እንዳለ ለማየት ግን አርባ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ወሬው ሲዛመት ሠራተኛው ፋይሉን ሊያይ ተሰለፈ። ስንት ጉድ ወጣ መሰላችሁ። አንዱ የፈታት ሚስቱ አሁንም ተጠቃሚ ናት፤ አንዱ የሞተ አጎቱን እንደጻፈ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፈንታሁን ራሱ መጋዙ ጋ መጣ፤ ሰው አለመኖሩን አየት አየት አደረገና ጫግኒ ውስጥ የምትኖር ሴት እንዳለችው፣ ከእሷም ልጅ እንደወለደ፣ በፋይሉ ያሉት ግን እናቱ ብቻ እንደሆኑ ነገረኝ። «የልጁስ ይገባኛል። እሷን ምን ብዬ ልጻፋት?» አለኝ። የቤት ሠራተኛዬ በላት ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት፤ ቁጭ ብለን አብረን ጻፍን።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ፋይላችሁን አስወጡ። ተጠሪ ማን ነው፣ ተጠቃሚ ማን ነው ብላችሁ ለይታችሁ እዩ። የጡረታው ነገር የራሱ ሕግ አለው፤ እሱንም ሳታፍሩ ጠይቁ። በተለይ እንደኛ ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ፣ ማንም ስለናንተ አያስብላችሁም። «አይዞሽ፣ ተጽፈሻል» ብላችሁ ያስተኛችኋትን ሴት ወይም ያስተኛችሁትን ወንድ አስቡና እዩ።

ዛሬም ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር፣ ቆይ ግን ይህች ሴት ምንህ ናት እያሉ የሚጠይቁኝ አሉ። ድሮ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ምኔ እንደሆነች ጽፌዋለሁ፤ ማኅተም ተመትቶበት ዳንግላ ተቀምጧል፤ ሂዱና አንብቡት።